ራውተሩ እማዬ መስኮት ላይ ነው፦ በሲም ካርድ የሚሠራ የቤት ኢንተርኔት ደብረ ብርሃን ላይ

መጀመሪያ ራውተሩ የት እንዳለ ልንገራችሁ። እማዬ ክፍል ውስጥ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ የጀበናዋ ማቶት አለ። መጋረጃው ገለጥ ተደርጎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሳሎን አይደለም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አይደለም። እኔ የምሠራበት ጠረጴዛ ላይም አይደለም። ያንን ቦታ እስክናገኝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። ስለዚህ ዕቃ ጥሩ የምለውም መጥፎ የምለውም ከዚያ መስኮት ይጀምራል።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ላለ አንድ አስመጪ ድርጅት መዝገብ እይዛለሁ። ወር ሲዘጋ እሄዳለሁ፣ ሌላውን ጊዜ ከቤቴ ነው የምሠራው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ሰኞ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የቪዲዮ ስብሰባ አለን። ቤት ውስጥ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እማዬ። ትልቁ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ጅዳ ያለችው እህቴ ደግሞ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለእማዬ በቪዲዮ ትደውላለች። ያ ጥሪ ከተቋረጠ እማዬ ቀኑን ሙሉ ደስ አይላትም።

ድሮ መሃል ከተማ ተከራይተን ስንኖር የመስመር ኢንተርኔት ነበረን። ስለ እሱ የምከፋበት ነገር የለኝም። ማታም ጠዋትም ፍጥነቱ ያው ነበር። አምና በጠባሴ በኩል የራሳችንን ቤት ጨርሰን ስንገባ ግን መስመሩ አብሮን አልመጣም። የመጨረሻው የስልክ ምሰሶ ከበራችን 600 እርምጃ ይርቃል። ቆጥሬዋለሁ። ምሰሶው ቢቀርብ እንኳ ከማዞሪያ ጣቢያው በጣም ርቀናል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት በራቀ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ኤዲኤስኤል የሚባለው ዓይነት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚረባ ነገር አይተርፈውም። ፋይበር እንዲህ አይደለም። የሚሸከመው ብርሃን ስለሆነ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዶም ፍጥነቱ አይወርድም። እኛ ሰፈር ግን ገና አልደረሰም።

ስለዚህ ለብዙ ወራት በስልክ ሆትስፖት ኖርን። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ሲወጣ ኔቱም አብሮት ይወጣል። የኔ ስልክ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ መሃል ላይ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ልጁ ፊዚክስ በቪዲዮ ሲከታተል ታናሹ "ተራዬ ነው" ብሎ ያለቅሳል። በመጨረሻ ሲም ካርድ የሚገባበት ባለ 4ጂ ራውተር ገዛን።

ነገሩ ቀላል ነው። ነጭ ሳጥን ነው። ከስሩ ሲም ካርድ ይገባበታል። ስልካችን ከሚያገኘው ከዚያው የኔትወርክ ማማ ሲግናሉን ይቀበልና ለቤቱ ሁሉ በዋይፋይ ያድላል። ከስልክ የሚለየው አንቴናው ትልቅ መሆኑ፣ ከግድግዳ ሶኬት መሥራቱ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መቻሉና ከቤት አለመውጣቱ ነው። ምሰሶ አይተከልም፣ ጉድጓድ አይቆፈርም። ከሱቅ ይዛችሁት የመጣችሁ ቀን ይሠራል።

የኩባንያውን ስም አልጽፍም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የሞባይል ኔትወርክ ያላቸው ሁለት ሆነዋል። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ በየሰፈሩ ይለያያል። ለኔ ቤት የሠራው ከኔ ቤት አምስት መቶ ሜትር ርቆ ላለ ሰው ላይሠራ ይችላል። ዋጋም አልጽፍም፣ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ እኮ መስመር ላጣ ሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ነው" ብላኝ ነበር። አልስማማም። አሜሪካ ውስጥ ቲ-ሞባይል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ፣ ህንድ ውስጥ ጂዮ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ይህንኑ አሠራር በ5ጂ ለቤት ይሸጣሉ። ሚሊዮኖች ይጠቀሙበታል። መስመር ደጃፋቸው ድረስ እያለ ይህን የመረጡ አሉ። ማስታገሻ የሚያደርገው የዕቃው ዓይነት ሳይሆን አቀማመጡና የማማው መጨናነቅ ነው።

ወደ አቀማመጡ ልመለስ።

የመጀመሪያ ቀን ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥነው። እዚያ ያምራል። ሶኬትም አለ። ኔቱ ግን ይጎተታል። ቪዲዮ ይከፈትና መሃል ላይ ቆሞ መሽከርከር ይጀምራል። ራውተሩ ላይ ያሉትን መብራቶች ሳይ ሁለቱ በርተዋል፣ ደህና ይመስላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱ የኩባንያው ነው ብዬ አማረርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ይማራል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ "እትዬ፣ መብራቱን አይመኑት፣ ቁጥሩን ይዩ" አለኝ።

ቁጥሩ የሚገኘው እንዲህ ነው። ከራውተሩ ጀርባ አንድ አድራሻ ተጽፏል፣ የእኛው 192.168.8.1 ነው። ከዋይፋዩ ጋር በተገናኘ ስልክ ብሮውዘር ላይ ስትጽፉት የራውተሩ ገጽ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ አርኤስአርፒ (RSRP) የሚል መስመር አለ። ከማማው የሚደርሳችሁ ሲግናል ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። −80 በጣም ጥሩ ነው። −100 ደካማ ነው። ከ−110 በታች ከወረደ ራውተሩ እየታገለ ነው ማለት ነው። አሥር ቁጥር ልዩነት አሥር እጥፍ ኃይል ነው። ይህን ሳውቅ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም የሳሎናችን ቁጥር −113 ነበር።

ያን ቅዳሜ ቤቱን ዞርነው። እኔ ራውተሩን በረጅም ዲቫይደር እየጎተትኩ እይዛለሁ። ትልቁ ልጅ ስልኩ ላይ ቁጥሩን ያነባል። ባለቤቴ የሲሚንቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጥነው በኋላ አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን፣ ቁጥሩ እስኪረጋ። ሳሎን 113። የኛ መኝታ ቤት 109። ኩሽና 111። በረንዳው በር ላይ 103። እማዬ ክፍል፣ መሃል ላይ 102። መስኮቷ ላይ ስናስቀምጠው ልጁ ዝም አለ። ከዚያ "95" አለ። "ድገመው" አልኩት። "95 ነው እማ።"

በመስኮቱ ወጣ ብዬ ሳይ ከባህር ዛፎቹ በላይ የማማው ጫፍ ይታያል። ለካ ቤቱ ውስጥ ማማውን ፊት ለፊት የሚያየው መስኮት እሱ ብቻ ነው። ቤታችን የድንጋይ ነው። ግንቡ ወደ ግማሽ ሜትር ይወፍራል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ውርጭ እንዲህ ያለ ግድግዳ በረከት ነው። ለሲግናል ግን መከራ ነው። ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፣ ብረት ደግሞ ሲግናል አያሳልፍም። ከሳሎን ወደ መስኮቱ የመጣው ልዩነት 18 ቁጥር ነው። በኃይል ሲሰላ 60 እጥፍ ያህል ይሆናል። አንድ ብር ሳንጨምር፣ ፓኬጅ ሳንቀይር።

የቀረው እማዬን መጠየቅ ነበር።

"እማዬ፣ ይቺን ዕቃ መስኮትሽ ላይ ላስቀምጣት?"

"ሌሊት ታበራለች?"

"ትንሽ አረንጓዴ መብራት አላት።"

"ታዲያ እንዴት እተኛለሁ?"

መብራቶቹን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩላት። ቀጥላ "ጀበናዬን ማንም እንዳይነካብኝ" አለች። ጀበናው አልተነካም።

እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር አለ። ማማውን የሚያየው ቦታ ለዋይፋይ ጥሩ ቦታ ላይሆን ይችላል። እማዬ ክፍል የቤቱ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሳሎን የሚሄደው ዋይፋይ ያንኑ ወፍራም ግንብ ማለፍ አለበት። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ዋይፋይ ይሰጣል። ባለ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይችልም። ባለ 2.4ቱ ቀስ ይላል፣ ግን ያልፋል። የልጆቹን ስልኮችና ቴሌቪዥኑን በ2.4 አደረግናቸው። ለኔ ጠረጴዛ ደግሞ 20 ሜትር የኔትወርክ ኬብል ገዝቼ በኮርኒሱ ጥግ ዘረጋሁት። ሽቦ አልባ ኢንተርኔት ገዝቼ ሽቦ መዘርጋቴ ቅር አላለኝም። የሰኞ ስብሰባዬ ከዚያ ወዲህ በኔ በኩል ተቆርጦ አያውቅም።

አሁን ስለ ፍጥነቱ። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ እየለካሁ ጻፍኩ፤ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ሳልጽፍ አላምንም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከ25 እስከ 30 ሜጋ (ሜጋቢት በሰከንድ ማለቴ ነው) አገኛለሁ። ከሰዓት በኋላ ወደ 18 ይወርዳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት 5 ሜጋ፣ አንዳንዴም 3። ከእኩለ ሌሊት በኋላ 35 ያልፋል። ቦታው ያው፣ ቁጥሩ ያው −95፣ ፍጥነቱ ግን በሰዓት ይለያያል። ምክንያቱም ማማው የጋራ ነው። ያለውን አቅም በዚያ ሰዓት ለሚጠቀሙት ሁሉ ያካፍላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ስልኩን ይከፍታል። የመስመር ኢንተርኔትም ከኋላ በኩል የሆነ ቦታ ላይ መጋራቱ አይቀርም፤ እስከ ቤታችሁ የሚመጣው ሽቦ ግን የእናንተ ብቻ ስለሆነ ማታና ቀን ይህን ያህል አይራራቅም።

ፋይል መላክ ላይ ደግሞ ይበልጥ ይታወቃል። የወር መጨረሻ ስካን የተደረጉ ደረሰኞች 300 ሜጋባይት ያህል ይመጣሉ። ጠዋት ሰባት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ማታ አንዴ ሞክሬ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ነበር። ስለዚህ ከባድ ነገር የምልከው ጠዋት ብቻ ነው። ማታ መላክ ግድ ለሚሆንበት ሰው፣ ለምሳሌ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ይህን ዕቃ ብቻ ተማመን አልለውም።

ወደሚያስቆጣኝ ነገር መጣሁ። ስገዛ ሻጩ "እህቴ፣ ያለገደብ ነው፣ እንደ ውሃ ክፈቺው" አለኝ። እኔም አመንኩ። ወሩ በገባ በ19ኛው ቀን ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ወረደ። ጠዋትም 2፣ ሌሊትም 2። ራውተሩ የተበላሸ መስሎኝ አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሲሙን አውጥቼ አጠብኩት ማለት ይቻላል። በኋላ ስደውል ለካ የተወሰነ ጊጋ ካለፈ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፣ በዚያ ልክ "ያለገደብ" ነው። ይህ አሠራር በብዙ አገር አለ፣ ማማው የጋራ ስለሆነ ምክንያቱም ይገባኛል። ለገዢ ሳይነገር መሸጡ ግን ትክክል አይደለም። 12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት አሥራ አንድ ቀን በ2 ሜጋ ከረመ። እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት ጊጋ ስጠቀም ነው የሚቀንሰው? ሲቀንስ ወደ ስንት ይወርዳል? ሻጩ ካልመለሰ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ጊጋውን ማን እንደበላውም ፈልጌ አገኘሁ። ቴሌቪዥኑ ነው። ጥርት ያለ ቪዲዮ በሰዓት 3 ጊጋ ያህል ይወስዳል። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ብታዩ በወር 180 ጊጋ ነው። ጥራቱን ወደ 480 ስናወርደው በሰዓት ከአንድ ጊጋ በታች ሆነ። ከሶፋው ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ሁለተኛው ተጠያቂ የባለቤቴ ስልክ ነበር፣ ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ፎቶና ቪዲዮውን ሁሉ ወደ ክላውድ ይጭናል። እሱን አጠፋነው። ከዚያ ወዲህ ወሩ ሳያልቅ ፍጥነቱ ወርዶብን አያውቅም።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል። ራውተሩ በ12 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ አነስተኛ ባትሪ ገዛን፤ መብራት ሲሄድ ሳይቋረጥ ራሱ ይረከባል፣ አራት ሰዓት ያህልም ይቆያል። ማማውም የራሱ ባትሪ አለው፣ ግን ለዘላለም አይደለም። ነሐሴ ውስጥ መብራት ከጠዋት እስከ ማታ የጠፋ ቀን ራውተራችን በርቶ ማማው ሄደ። ያን ቀን የስልክ ጥሪም አልነበረም። የድሮው ባለሽቦ ስልክ ኃይሉን ከማዞሪያ ጣቢያው ስለሚያገኝ ቤቱ ጨለማ ሆኖም ይጠራ ነበር። እማዬ ያን ታስታውሳለች፣ "ያኛው እኮ መብራት አያውቅም ነበር" ትላለች።

ጉሙን በተመለከተ ሰፈራችን ያለውን እምነት ላርም። ክረምት ሲሆን "ጉሙ ኔቱን ያዘው" ይባላል። ጉም ሞባይል በሚጠቀምበት ሞገድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም። ዝናቡም እንደዚያው ነው። እኔ በክረምት ያየሁት ለውጥ ከ−95 ወደ −99 ነው። እሱም ከባህር ዛፎቹ የመጣ ይመስለኛል፣ ውሃ የጠጣ ቅጠል ሲግናል ይውጣል። ዝናብ ሲሆን ኔት የሚንቀራፈፈው ይበልጡን ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውልና መብራት ስለሚሄድ ነው።

ወንድሜ ደብረ ሲና ነው የሚኖረው። የኔን አይቶ ያንኑ ራውተር ገዛ። ጣርማበርን ስትወርዱ እንደምታውቁት አገሩ ገደልና ተዳፋት ነው። ቤቱ ከአንድ ጉብታ ጀርባ ስለሆነ ማማው ቅርብ ሆኖም አይታየውም። የትኛውም መስኮት ላይ ከ−112 አልተሻለም። ቀድሞ ቢጠይቀኝ ሳይገዛ ይሞክር ነበር። መሞከሪያው ስልክ ነው። የሁለቱንም ኩባንያ ሲም ካርድ ከጎረቤትም ቢሆን ተዋሱ። በየክፍሉ፣ በየመስኮቱ፣ ጠዋትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ፍጥነቱን ለኩ። በአንድ ቀን አትፍረዱ፣ ቢያንስ ሦስት ማታ ያስፈልጋል። ስልኩ ማታ ላይ 2 ሜጋ እንኳ ካላገኘ ራውተሩም ተአምር አያመጣም።

ሱቅ ያላቸው ሰዎችም አንድ ነገር ይወቁ። በሲም ካርድ በሚመጣ ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ቤታችሁ ለብቻው የሆነ የኢንተርኔት አድራሻ አይሰጠውም፣ ከብዙ ደንበኛ ጋር ይጋራል። ስለዚህ የድሮ ዓይነት የጥበቃ ካሜራ ከውጭ ሆናችሁ በቀጥታ ለማየት እምቢ ይላችኋል። በራሱ አፕ በኩል የሚሠራ ካሜራ ግን ያለ ችግር ይታያል።

ዛሬ ፋይበር በራችን ላይ ቢደርስ እኔ ፋይበሩን እመርጣለሁ። የምሽቱ 3 ሜጋ ያናድዳል፣ ለሥራዬም ማታና ቀን የማይለያይ ነገር ይሻለኛል። እስከዚያው ግን ይህ ሳጥን ቤታችንን ተሸክሞታል። ልጁ ፊዚክሱን ያያል። እኔ በወር አንዴ ብቻ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። ለማታው መጨናነቅ ደግሞ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አንቴና ብናስገባ ይሻል እንደሆነ የጎረቤታችንን ልጅ ጠይቄው ነበር። "ቁጥሩን ያሻሽለዋል እትዬ፣ ማማው ላይ ያለውን ሰው ግን አይቀንሰውም" አለኝ። ስለዚህ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ክፍሎቹን ቀለም ለማስቀባት ብሎ ራውተሩን ወደ ሳሎን ሊያወርደው ነበር። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ነው፣ እህቴ የምትደውልበት። እማዬ ቡናዋን እየቀዳች ቀና ብላ አየችው።

"እሱን ተወው፣" አለች። "በዙሪያው ቀቡ።"